ከብጣሽ ወረቀት የሚሠራ ፊት
(የራስን ምስል በኅብረት ለመሥራት በተጠራ ጉባኤ መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆች፤ እንደምን አረፈዳችሁ! የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ወደዚህ አዳራሽ ስለ መጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ስትገቡ ከኋላችሁ የተደረደሩትን ጠረጴዛዎች፣ በላያቸውም የተከመሩትን ወረቀቶችና መቀሶች እንዳያችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁም «እኔ እንኳ ሥዕል የሚባል ነገር አይሆንልኝም» ብላችሁ አጠገባችሁ ላለው ሰው ስታንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። ዛሬ የምናገረው ከሁሉ አስቀድሞ ለእናንተ ነው።

የዛሬው ሥራችን ኮላዥ ይባላል። ቃሉ «ማጣበቅ» ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የመጣ ሲሆን፣ ከመጽሔት፣ ከጋዜጣ፣ ከፖስታ፣ ከጨርቅና ከመሳሰሉት የተቆረጡ ነገሮችን በአንድ ካርቶን ላይ አቀናብሮ በመለጠፍ የሚሠራ ሥዕል ነው። በዚህ መንገድ እያንዳንዳችን የገዛ ራሳችንን ምስል እንሠራለን፤ የምንሠራውም ለየብቻችን በየቤታችን ሳይሆን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ነው። ስለ ሦስት ነገሮች ለመናገር አስቤ መጥቻለሁ። የመጀመሪያው መቀስና ሙጫ እርሳስ የማይሰጠንን ምን እንደሚሰጡን ነው፤ ሁለተኛው ለምን አብረን እንደምንሠራ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ አብረን ስንሠራ እርስ በርሳችን እንዳንጎዳዳ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ጉዳዮች ናቸው። በሁለተኛው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ብቆይ ታገሡኝ፤ የመጣሁት ለእርሱ ነውና።

አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ቃል ልናገር። በቋንቋችን «ገጽ» የምንለው የመጽሐፍን ቅጠል አንዱን ወገን ነው፤ «ገጽ» የምንለው የሰውንም ፊት ነው። «ገጽ አሥርን ግለጡ» እንላለን፣ «ገጹ ተለወጠ» እንላለን። የታተመ ወረቀት ቆርጦ ፊት ማድረግ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ ሐሳብ ሊሆን የማይገባው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቃላችን ሁለቱን አስቀድሞ አገናኝቷቸዋልና።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልለፍ። ልጅ ሳላችሁ ፊት ስላችሁ ታውቃላችሁ? ያልተሳካላችሁስ ምኑ ላይ ነበር? ብዙዎቻችን ዓይንን ወደ ግንባር አስጠግተን እንስላለን፤ በእውነቱ ግን ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ቁመት አጋማሽ ላይ ነው። ይህን ካላመናችሁ አሁኑኑ በጣቶቻችሁ ለኩት። አዎ፣ ለኩት! ግንባርና ጸጉር ያን ያህል ቦታ እንደሚይዙ አናስተውልም፤ ልባችን የሚሄደው ወደ ዓይንና ወደ አፍ ነውና። እንግዲህ በእርሳስ የሳልነው ዓይን ቦታውን ሲስት ፊቱ ሁሉ ይበላሽብናል፤ ላጲስ ወረቀቱን ያቆሽሸዋል፤ አንድ ሰው ይስቅብናል፤ ከዚያ በኋላ እርሳሱን አስቀምጠን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሳናነሣው እንቀራለን። ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ እንዲህ ሆናችኋል? እጃችሁን አንሡ እስቲ። ተመልከቱ፣ ከግማሽ በላይ ነን።

በኮላዥ ዓይኑ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ከመጽሔት ቆርጣችሁ ካርቶኑ ላይ ታስቀምጡትና በጣታችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ትገፉታላችሁ። አንድ ዓይን ትልቅ፣ አንድ ዓይን ትንሽ ልታደርጉ ትችላላችሁ፤ በዓይን ፈንታ አዝራር ወይም መስኮት ልታስቀምጡ ትችላላችሁ። ሙጫ እስኪነካው ድረስ የተሳሳተ ነገር የለም፤ ገና ቦታውን ያላገኘ ነገር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ሙጫውን አታስቀድሙ ነው። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ያህል አቀናብሩ፣ አፍርሱ፣ እንደገና አቀናብሩ፤ ደስ ያላችሁን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ከዚያ ደግሞ አፍርሱትና ሌላ ሞክሩ። ጨዋታው ያለው በዚህ ማፍረስ ውስጥ ነው።

ይህ የልጆች ሥራ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ታዋቂው ሠዓሊ ፓብሎ ፒካሶ የወንበር መቀመጫ ጥልፍልፍ የታተመበትን ውኃ የማያስገባ ጨርቅ ቆርጦ ሸራው ላይ እንደ ለጠፈ፣ ዙሪያውንም በገመድ እንደ ከበበ ላስታውሳችሁ። በዚያው ዓመት ጓደኛው ዦርዥ ብራክ እንጨት እንዲመስል የታተመ የግድግዳ ወረቀት ቆርጦ በንድፉ ላይ አጣበቀ። በበርሊን ደግሞ ሐና ሆህ የምትባል፣ ለማተሚያ ቤት የጥልፍና የልብስ ንድፍ በማውጣት ትተዳደር የነበረች ሠዓሊ፣ ከመጽሔትና ከጋዜጣ የቆረጠቻቸውን ፎቶዎች አንዱን በአንዱ ላይ እየገጣጠመች እ.ኤ.አ. በ1920 ለሕዝብ አሳየች። እነዚህ ሰዎች ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው የሠራው፣ ሌላ ሰው ያተመው፣ ለሌላ ዓላማ የታሰበው ነገር ወደ ሥዕል ውስጥ እንዲገባ በር ከፈቱ። ይህን ልብ በሉት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕድሜያችን ገፍቷል ለምትሉ አባቶችና እናቶች ደግሞ ስለ ሜሪ ዴላኒ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1700 የተወለደች እንግሊዛዊት ናት፤ ባለቀለም ወረቀት እየቆረጠች በጥቁር ወረቀት ላይ አበቦችን መለጠፍ የጀመረችው በ72 ዓመቷ ነበር። ለዐሥር ዓመታት ያህል፣ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ፣ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አበቦችን ሠራች፤ ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ማቲስም እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ቆሞ መሳል ስላቃተው፣ ረዳቶቹ ቀለም የቀቡለትን ወረቀት በተሽከርካሪ ወንበርና በአልጋ ላይ ሆኖ በመቀስ መቁረጥን ዋና ሥራው አደረገ።

ማቲስን ያነሣሁት አንድ ሰው ትዝ ስላለኝ ነው። ከዓመታት በፊት ባዘጋጀሁት ጉባኤ ላይ በሕመም ምክንያት ግራ እጃቸው የማይታዘዝላቸው አንድ አባት መጡ። መቀስ ለመጠቀም ወረቀቱን የሚይዝ ሌላ እጅ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ይህን አስቀድሜ አላሰብሁበትም። ልረዳቸው ስጠጋ በምልክት ከለከሉኝ። ወረቀቱን በክርናቸው ተጭነው በቀኝ እጃቸው መቅደድ ጀመሩ። የታተመ ወረቀት ሲቀደድ በአንደኛው ወገን ነጭ ጠርዝ ይተዋል፤ የምትስቡበትን አቅጣጫ ብትለውጡ ነጩ ጠርዝ የት እንደሚቀር ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። እኚህ አባት ይህን ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት፤ ጉንጫቸውን፣ አገጫቸውንና ግንባራቸውን በእነዚያ ነጭ ጠርዞች ብርሃን እንደ ወደቀባቸው አድርገው አወጡት። በዚያ ቀን ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ መቀሳቸውን አስቀምጠው መቅደድን ከእርሳቸው ተማሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በማዘጋጀው ጉባኤ ሁሉ ከመቁረጥ በፊት መቅደድ ይቀድማል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንግባ። ለምን አብረን?

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የገዛ ፊቱን በዓይኑ ያየ ሰው ከመካከላችን አለ? በመስታወት የምናየው ቀኝና ግራው የተገላበጠ ነው፤ በፎቶ የምናየውም የአንዲት ቅጽበት ጥላ ነው። ፊታችሁን ሲስቅ፣ ሲከፋው፣ ሲያኝክ፣ ሲያስብ እንዳለ የሚያዩት ሌሎች ሰዎች ብቻ ናቸው። የእኔን ፊት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን አላውቀውም። እንዲህ ከሆነ፣ የራስን ምስል ለብቻ ዘግቶ መሥራት ዋነኞቹን ምስክሮች ውጭ ማቆም አይሆንም?

እኔ ይህን የተማርሁት ከአንድ ዘጠኝ ዓመት ከሚሆነው ልጅ ነው። በጉባኤዎቻችን ላይ «የስጦታ ቁራጭ» የምንለው ሥርዓት አለን፤ ሥራው አጋማሽ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ካለው ክምር አንድ ብጣሽ መርጦ በግራው ለተቀመጠው ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩም ቢፈልግ ይለጥፈዋል፣ ባይፈልግ ያስቀምጠዋል፣ ለምን እንዳልለጠፈውም አይጠየቅም። ያን ቀን እኔም ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ እሠራ ነበር። ምስሌን ቤቴ ሆኜ ሦስት ምሽት ሙሉ አስቤበት ስለ ነበር ምን እንደምለጥፍ አስቀድሜ ወስኛለሁ፤ የተረጋጋ፣ ትዕግሥተኛ፣ ጊዜውን ለሰው የሚሰጥ ሰው ፊት ነበር። ልጁ ግን ከአንድ ማስታወቂያ ላይ የተቆረጠ የእጅ ሰዓት አምጥቶ ካርቶኔ ላይ አስቀመጠልኝ። «ለምን ሰዓት?» አልሁት። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ የሚያዩት እሱን ነው» አለኝ። በመልሱ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያየውን ነው የነገረኝ። ለረጅም ጊዜ ሰዓቱን ይዤ ቆየሁ። በመጨረሻ ያዘጋጀሁትን ዓይን አንሥቼ በቦታው ሰዓቱን ለጠፍሁት። ያ ምስል እስከ ዛሬ የምሠራበት ክፍል ግድግዳ ላይ አለ፤ ሰው ሲያናግረኝ ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ ከዚያ ወዲህ እጠብቀዋለሁ።

ሦስት ምሽት ያሰብሁበት ምስል ውሸት ነበር አልልም፤ ነገር ግን እኔ ብቻ የተናገርሁበት ምስል ነበር። ከሰው ጋር ስንቀመጥ ምርጫችን በሌላ ሰው ዓይን ሥር ያልፋል፤ ሌላው የሚያነሣውን እናያለን፣ የተውነው በሌላ እጅ ሲከብር እናያለን። አንድ ጊዜ ከአንድ መጽሔት ላይ ትልቅ ፊት ቆርጬ ካወጣሁ በኋላ መሐሉ የተቦደሰውን ወረቀት ወደ ቆሻሻው ገፋሁት። ከማዶ የተቀመጠች ወጣት አንሥታ አየችው፤ የፊት ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ነበር። ያን ቀዳዳ ካርቶኗ ላይ ለጠፈችው፤ በስተ ኋላው የትምህርት ቤት ደብተሯን ቅጠሎች አስገባችና የፊቷን ቅርጽ በገዛ እጅ ጽሑፏ ሞላችው። እኔ የጣልሁት የእርሷ ፊት ሆነ። እንግዲህ ቅድም ልብ በሉት ያልኋችሁ ይህን ነው፤ በኮላዥ ውስጥ የምንሠራበት ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሌላ ሰው ነበር፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንሆን ግን ያ ሌላ ሰው ስም አለው፣ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል።

አብሮ መሥራት ሁልጊዜ አይሳካም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮማሬ ቤርደን እ.ኤ.አ. በ1963 በኒውዮርክ ስፓይራል ከተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊያን ስብስብ ጋር በነበረ ጊዜ፣ ከመጽሔቶች የቆረጣቸውን ምስሎች ይዞ መጥቶ ኮላዥ በጋራ እንሥራ ብሎ ጠየቃቸው። ሐሳቡ በባልደረቦቹ ዘንድ አልያዘም። እርሱ ግን አልተወውም፤ ብቻውን ቀጠለበት፤ ስሙም ከሁሉ በላይ የሚነሣው በእነዚያ ኮላዦች ነው። ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር አዝናለሁ፣ ደስም ይለኛል፤ ብቻውን የሠራው እንዲያ ድንቅ ከሆነ፣ ሁሉም እጃቸውን አስገብተውበት ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር?

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ጨዋታ ነው። ቋንቋችን እዚህም ላይ ይረዳናል፤ ልጆች ሲሮጡ «ጨዋታ» እንላለን፣ ትልልቆች ተቀምጠው ሲያወሩም «ጨዋታ» እንላለን። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ዓይን ለዓይን ተያይተው ሊናገሩት የማይደፍሩትን ነገር ሰዎች ወረቀት እየቆረጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሲናገሩት ሰምቻለሁ። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሠሩ፣ ልጁ በእናቱ ካርቶን ላይ የመርከብ ሥዕል አይቶ «ባሕር መሻገር ትፈልጊ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም መቁረጣቸውን ሳያቆሙ «አንተ ሳትወለድ» አሉት። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩትን አልሰማሁም፤ ወንበሬን ራቅ አደረግሁ። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ግን አንድም ጊዜ አንገታቸውን ቀና ሳያደርጉ ሲጨዋወቱ ነበር።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ የራሴን ጥፋት መናገር ይኖርብኛል፤ የምጠነቀቅባቸው ነገሮች ሁሉ የተማርሁት ከጥፋቴ ነውና።

በመጀመሪያው ጉባኤዬ ለሁሉም አንድ ዓይነት አንጸባራቂ መጽሔቶችን አቀረብሁ። አንዲት አዛውንት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቅጠሉን ሲገልጡ ከቆዩ በኋላ መጽሔቱን ዘግተው «ልጄ፣ እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም» አሉኝ። ዘወር ብዬ ገለጥሁት፤ እውነታቸውን ነበር። ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም የተቀባባ፣ ሁሉም ፈገግ ያለ ፊት ነበር። መሸብሸብ ያለበት ቆዳ ከመቶ ገጽ ውስጥ አንድ እንኳ አላገኘሁም። ለዚህ ነው ዛሬ ከየቤታችሁ ወረቀት ይዛችሁ እንድትመጡ የለመንኋችሁ፤ ያረጀ ፖስታ፣ የስፌት ልክ የተነደፈበት ወረቀት፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ ካርታ፣ የልጅ ደብተር፣ ደረሰኝ። እኚያ እናት በሁለተኛው ቀን ተመልሰው መጥተው የተጨማደደ ቡናማ የመጠቅለያ ወረቀት አመጡ፤ ጨብጠው፣ ዘርግተው፣ እንደገና ጨብጠው ግንባራቸውን ሠሩበት። እንዲህ የሚመስል ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ሌላው ጥፋቴ ከባድ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ይዛችሁ ኑ ብዬ ሳበቃ፣ አስቀድማችሁ ኮፒ አድርጉት ማለትን ረሳሁ። አንድ ተሳታፊ የወንድሙን ብቸኛ ፎቶ በመቀስ ከቆረጠው በኋላ ያደረገውን አስተዋለ። በሙጫ ልንመልሰው አልቻልንም። ስለዚህ እባካችሁ፣ ዛሬም ነገም፣ ዋናውን ፎቶ ወደ ጠረጴዛው አታቅርቡ፤ በመግቢያው በኩል ኮፒ ማድረጊያ ማሽን አዘጋጅተናል። ጋዜጣም ቢሆን ለዘመናት እንዲቆይላችሁ ከፈለጋችሁ ኮፒውን በጥሩ ወረቀት ላይ ተጠቀሙ፤ የጋዜጣ ወረቀት በውስጡ ባለው ሊግኒን በሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር የተነሣ ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል፣ ይሰባበራልም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የቃል ጥንቃቄ ነው። ቀድሞ ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ ምስሉን እንዲያስረዳ አደርግ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ተራዋ ሲደርስ ዝም አለች፤ እኔም ለማበረታታት ብዬ «ይህ ጥቁር ቦታ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ሌላውም ሰው ተከትሎ ጠየቀ። ካርቶኗን አጥፋ ይዛ ወጣች፤ ተመልሳም አልመጣች። ዛሬ ማንም ምስሉን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። መናገር የሚፈልግ ይናገራል፤ መስማት የእኛ ግዴታ ነው። የሌላውን ምስል ስታዩ «ይህ እንዲህ ማለት ነው» አትበሉ፤ «ይህን አየሁ» በሉ። «ውሻ አየሁ፣ ሦስት ቁልፍ አየሁ፣ ከበሩ ሥር ብርሃን አየሁ» በሉ። ውድድርና ሽልማትም የለም፤ የማን ይበልጣል የሚል ጥያቄ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተነሣ እንደ ሆነ የተቀሩት እጆች ሁሉ ይታሰራሉ። ልጆችን ያመጣችሁ ወላጆችም የልጃችሁን ካርቶን እንዳታስተካክሉ እለምናችኋለሁ። አፍ ከግንባር በላይ ቢለጥፍ ተዉት።

ስለ ሙጫው ጥቂት ልበልና ላብቃ። ሙጫ ብዙ አይደረግም፤ ወረቀት ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ይሸበሸባል፣ ካርቶኑንም ያጎብጠዋል። በስሱ ቀቡት፣ ከመሐል ወደ ዳር በጨርቅ ጥረጉት፣ ሲያልቅ ከንጹሕ ወረቀት በታች አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ከስምንት ሰው በላይ አትሁኑ፤ የማትተዋወቁ ሰዎች አብራችሁ ብትቀመጡ እመርጣለሁ፤ መሐል ላይ ያለው ሣጥን የጋራ ነው፣ ከመጽሔትም ከቤታችሁም ያመጣችሁትን የማትፈልጉትን ሁሉ እዚያ ውስጥ ጣሉት፣ ከዚያም የሌላውን ሰው ብጣሽ አንሡ። መቀሶቹን ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ከጠረጴዛው በታች አውርዱልኝ። እንቀድዳለን፤ በእጃችን እንቀድዳለን።

አሁን ከወንበራችሁ ተነሡ። በየጠረጴዛው ላይ በመጀመሪያ የምታገኙት ባዶ ካርቶን ነው፤ ከጀርባው ስማችሁን ጻፉበትና ፊቱን ገልብጡት። በግራችሁ የተቀመጠውን ሰው ደህና አድርጋችሁ እዩት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ብጣሽ ትመርጡለታላችሁ።